ዘፈን በጎተራ፣ ዘፈን በኪራይ፦ በአንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ላይ የቀረበ ሂስ

በአገራችን የኪነ ጥበብ ሂስ ስለ ዘፈን ብዙ ተብሏል። የግጥሙ ይዘት ተመርምሯል፤ የዜማው ቅኝት ተተንትኗል፤ የድምፃዊው ችሎታ ተመዝኗል፤ አቀናባሪውም ዘግይቶም ቢሆን ድርሻውን አግኝቷል። ዘፈኑን ከድምፃዊው ተቀብሎ ወደ አድማጩ ጆሮ የሚያደርሰው ዕቃ ግን የሐያሲ ዓይን እምብዛም አላረፈበትም። «ዕቃ ነውና ምኑ ይተቻል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አያሳየንም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርቶ የአዲስ አበባን ዘመናዊ ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የዘፈኑን ርዝመት የወሰኑት ገጣሚውና ዜመኛው ብቻ አልነበሩም፤ በሸክላው አንድ ፊት ላይ የነበረው የጥቂት ደቂቃ ስፍራም ነበር። ኋላ ካሴት መጥቶ ሸክላውን ሲተካው፣ በነጠላ ይሸጥ የነበረው ዘፈን በአልበም ተሰባሰበ፤ ድምፃዊውም ሁለት ፊት የሚሞላ ሥራ ይዞ መቅረብ ግዴታው ሆነ። ዕቃው ቅርጹን ወስኗል፤ ቅርጹም ይዘቱን ሳይነካው አልቀረም።

ዛሬ ዕቃው ሶፍትዌር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም «ስትሮቤሪ» የተሰኘውን የሙዚቃ ማጫወቻ ይሆናል። ይህ ማጫወቻ በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ፣ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ሰው ክፍት የሆነና ሁለት ዓይነት የሙዚቃ ክምችቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ለማኖር የሚሞክር ነው። አንደኛው ክምችት በአድማጩ በራሱ ኮምፒዩተር፣ ሚሞሪ ወይም ፍላሽ ላይ በፋይል መልክ የተቀመጠው ነው። ሁለተኛው ሌላ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜም በባሕር ማዶ ኩባንያ እጅ ተቀምጦ፣ በኢንተርኔት መስመር እየፈሰሰ የሚደመጠው፣ በተለምዶ ስትሪሚንግ የሚባለው ነው። የመጀመሪያውን ጎተራ፣ ሁለተኛውን ኪራይ ብንላቸው ለአርሲ ገበሬ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስንዴው በጎተራው ነው፤ አዝመራውን የሚያጭድለት ኮምባይነር ግን በኪራይ ይመጣል። ኪራይ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ባለ መኪናው ዛሬ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄጃለሁ ባለ ጊዜ ግን የደረሰው አዝመራ ዝናብ ይጠብቀዋል።

የማጫወቻው ትውልድ ሐረግ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 «አማሮክ» የተባለ ማጫወቻ ተወለደ። በ2008 መጨረሻ ግን ባለሙያዎቹ መልኩን ከመሠረቱ ቀየሩት። የቀድሞው ይሻላል ያሉ ሰዎች አቤቱታ በመጻፍ አልተወሰኑም፤ የቀድሞውን ኮድ ወስደው በ2010 «ክሌመንታይን» የሚባል ሌላ ማጫወቻ አወጡ። የክሌመንታይንም ሥራ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በ2018 ከእርሱ ግንድ ላይ «ስትሮቤሪ» ተቀጠለ። ይህን ሁሉ የፈቀደው የፈቃድ ውሉ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ሰው ኮዱን ሊያነብ፣ ሊለውጥና ሊያሠራጭ ይችላል፤ የለወጠውን ሲያሠራጭ ግን በዚያው ውል ለሌላው ክፍት ማድረግ አለበት። ነገሩ ከሕዝብ ዜማ አካሄድ የራቀ አይደለም። በእኛም አገር አንድ ዜማ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከአውድማ ወደ አውድማ ሲሻገር አዝማቹ ይቆያል፣ ግጥሙ ይታደሳል፤ የፊተኛው ዘፋኝ የኋለኛውን አይከለክለውም። ልዩነቱ በሕዝብ ዜማ ዘንድ ያልተጻፈ ይሉኝታ የሚሠራውን ሥራ፣ እዚህ በጽሑፍ የሰፈረ ውል መሥራቱ ነው።

ስለ መልኩ ብዙ የምንለው የለም። ገጹ የሒሳብ መዝገብ ይመስላል፤ በግራ የድምፃዊያን ዝርዝር፣ በቀኝ የተራ ሰንጠረዥ፣ ከታች የማጫወቻ ቁልፎች። ጌጥ የለውም። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን ከመልካም ጎኖቹ አንዱ ነው። የስልክ መተግበሪያዎቹ ገና ሲከፈቱ «ይህን ስማ፣ ያንን ስማ» እያሉ አድማጩን ሲጎትቱት፣ ይህኛው ካልጠየቁት አይናገርም።

ዋናው ጥያቄ፣ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ለአገራችን አድማጭ ምን ይሠራለታል? የሚለው ነው። ጥያቄውን በጥቅሉ ከማንሣት በአንድ ቦታ ላይ አድርጎ መመርመር ይሻላል፤ አሰላን እንውሰድ። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ፣ በስንዴና በገብስ ማሳ የተከበበች የአርሲ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተደቡብ ሳጉሬ አለ፣ በቆጂ አለ፤ በሯጮቿ ዓለም ያወቃት በቆጂ። በዚህ ደጋ የሚኖር አንድ መምህር ወይም አንድ የጤና ባለሙያ የዘፈን ክምችቱ ምን እንደሚመስል አስቡ። የአሊ ቢራ ዘፈኖች ይኖራሉ፤ የጥላሁን ገሠሠ ይኖራሉ፤ መንዙማ ወይም መዝሙር ይኖራል፤ ወደ ሼህ ሁሴን በሚጓዙ ምእመናን ዘንድ የሚዜመው ባህሮ ይኖራል፤ በዘመድ ሠርግ ላይ በስልክ የተቀረጸ የሴቶች ዜማ ይኖራል። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ቢባል፣ ከፊሉ ከአሮጌ ካሴት ወደ ፋይል የተገለበጠ ነው፤ ከፊሉ በስልክ ጥገና ሱቆች በጥቂት ብር ሚሞሪ ላይ የተጫነ ነው፤ ከፊሉ በቴሌግራም ከወዳጅ የተላከ ነው። ስትሪሚንጉን ያየን እንደ ሆነ፣ ለብዙው ሰው ዩቲዩብ ነው፤ እርሱም የዳታ ጥቅሉ እስካለ ድረስ።

እንግዲህ ስትሮቤሪ እነዚህን ወገኖች በአንድ መዝገብ ላድርግ ሲል የሚገጥመው የመጀመሪያው ችግር የቴክኒክ አይደለም፤ የስም ችግር ነው። እዚህ ላይ ዘለግ አድርገን ልንቆይ እንወዳለን፤ ለቋንቋ ሰው ጉዳዩ ሀብታም ነውና።

የዘፈን ፋይል በሆዱ ውስጥ የመታወቂያ ወረቀት ይይዛል፤ የድምፃዊው ስም፣ የዘፈኑ ርእስ፣ የአልበሙ ስም፣ ዓመቱና ዓይነቱ ይጻፍበታል። ይህ ወረቀት እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ሲዘጋጅ ለእያንዳንዱ ስም የተመደበለት 30 ባይት ብቻ ነበር። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1999 ሲሆን፣ ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ሠላሳ ፊደል የሚይዘው ቦታ ለእኛ አሥር ፊደል ነው። «የአርሲ ሴቶች የአቴቴ ዜማ» ብሎ በዚያ ጠባብ ሣጥን ለመጻፍ የሞከረ ሰው የሚተርፈው «የአርሲ ሴቶች የአ» ብቻ ነበር። በኋላ የመጣው የወረቀቱ እትም ይህን ጠባብነት አስወግዷል፤ ስትሮቤሪም ግእዙን አሟልቶ ያነባል። ነገር ግን በዚያ ጥበት ዘመን ከካሴት የተገለበጡት ፋይሎች ስማቸው በላቲን ፊደል እንደ ነገሩ የተለጠፈባቸው፣ ወይም «ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት» ተብለው የቀሩ ሆነው እስከ ዛሬ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ይዞራሉ።

ይህም ታለፈ እንበል። ጥላሁን ገሠሠ በንጉሡ «ሠ» ይጻፋል፤ ጥላሁን ገሰሰ በእሳቱ «ሰ» የሚጽፈውም ብዙ ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ ሰው ነው፤ ለማጫወቻው ሁለት ድምፃዊያን ናቸው። ዓለማየሁ እሸቴ በዓይኑ «ዓ» እና በአልፋው «አ» እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። ከስትሪሚንጉ ወገን ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተመዘገበ ሦስተኛ ጥላሁን ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፓሪስ ከታተመው «ኤትዮፒክስ» ተከታታይ ዲስክ ደግሞ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ አራተኛው ይከተላል። አሊ ቢራ በግእዝ አንድ፣ በእንግሊዝኛ አንድ፣ አናባቢውን በሚደግመው በቁቤ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ሆኖ በመዝገቡ ላይ ይሰለፋል። በአሰላ ያለ ክምችት የሦስት አጻጻፍ መገናኛ ነውና ይህ በሌላ አገር እንደ ትንሽ እንከን የሚታየው ነገር እዚህ የመዝገቡን ግማሽ ያፈርሰዋል። ሙላቱ አስታጥቄም በአንዳንድ የባሕር ማዶ መዝገብ የአባቱ ስም ቀድሞ በ«አ» ሥር ይገኛል፤ አስታጥቄ ተብሎ የተጠራበት ቀን ይኖር ከሆነ አባቱን ሲጠሩ ብቻ ነው።

ዓመቱስ? ካሴቱ ላይ 1979 ተብሎ የታተመው አልበም በእኛ አቆጣጠር ነው። ከስትሪሚንጉ የሚመጣው ያው አልበም 1986 ወይም 1987 ይላል። ማጫወቻው በዓመት ቅደም ተከተል ደርድር ሲባል አንዱን ሥራ በሰባት ዓመት አራርቆ ሁለት ቦታ ያኖረዋል፤ በመካከላቸውም ሌላ ሰው ያስገባል። ስለ ዘፈን ዓይነት የተዘጋጀው ጥንታዊ ዝርዝር ደግሞ 80 ዓይነቶች ነበሩት፤ ፖልካ የራሱ ቁጥር ነበረው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን የላቸውም፤ «ኤትኒክ» የሚል አንድ ቁጥር ለቀረው የዓለም ሕዝብ ሁሉ ተሰጥቶ ነበር። ዛሬ በዚያ ስፍራ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል። ጽፎ የሚያርመው ሰው ግን ማን ነው?

ስትሮቤሪ ለዚህ አንድ ረዳት አለው። የድምፁን አሻራ ወስዶ «ሚዩዚክብሬንዝ» ከተባለው፣ ማንም ሰው ሊጽፍበት ከሚችለው የሙዚቃ መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ ካገኘው ትክክለኛውን ስምና ርእስ ያመጣል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ሆኖም አሻራው የሚዛመደው ሁለቱ ድምፆች በፍጥነትና በቅላጼ ሲገጥሙ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር የተገለበጠ ዘፈን፣ የመቅጃው ሞተር ትንሽ ፈጥኖ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ስለሚያልፍ አሻራው ይለወጣል። በዚህ ምክንያት በፓሪስ ታጥቦና ተስተካክሎ የታተመው ሥራ ወዲያው ሲታወቅ፣ በየሰው ቤት ያለው የካሴት ዘመን ድምፅ ለመሣሪያው የማይታወቅ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ማለት አይቻልም፤ መዝገቡ ክፍት ነው፣ አንድ ድምፃዊ ብዙ አጻጻፍ እንዳለው የሚመዘገብበትም ስፍራ አለው። የጎደለው ጽፎ የሚሞላው የእኛ እጅ ነው። በየትምህርት ቤቱ የቋንቋ ክበብ አለ፤ «ገሠሠ» እና «ገሰሰ» አንድ ሰው መሆኑን ማስመዝገብ ከፊደል ገበታ ልምምድ አይከብድም።

አንድ ነገር በቅንፍ እንበል፤ ይህ ጸሐፊ ግጥም ጻፊ በመሆኑ አያልፈውም። በካሴቱ ሽፋን ጀርባ ላይ «ግጥም» እና «ዜማ» የሚሉ ሁለት ቃላት በደቂቅ ፊደል ይታተሙ ነበር፤ ከጎናቸውም ስም ነበር። በማጫወቻዎቹ ገጽ ላይ ፊት የሚቀመጠው ድምፃዊው ነው። ዜማ ደራሲው ፈልጎ ለሚያገኘው ሰው ስፍራ አለው። ገጣሚው ግን በፋይሉ መታወቂያ ውስጥ ሊጻፍ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በአብዛኞቹ ማጫወቻዎች ሰንጠረዥ ላይ ብቅ አይልም። ስትሪሚንጉም በዚህ አይሻልም። ካሴት ከሞተ በኋላ ገጣሚው ከሕዝብ ዓይን የተሰወረው በዚህ መንገድ ነው።

ከስም ችግር አልፈን ወደ ይዘት ስንመጣ ደግሞ ከበድ ያለ ጉዳይ ይገጥመናል። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የምትባል በትር ትሰጣታለች። ሲንቄዋ የባለትዳር ሴት ክብርና መብት ምልክት ናት። አንዲት ሴት በተበደለች ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ አቴቴ እያዜሙ ወደ በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ፤ ካሣና ይቅርታ እስኪያገኙ ዜማው አይቆምም። አቴቴ ለዝናብ ልመናም ይዜማል፤ ለምርቃትም ይዜማል። እንግዲህ ይህ ዜማ በአንድ ሰው ስልክ ተቀርጾ ወደ ማጫወቻው ሲገባ ምን ይሆናል? መሣሪያው «ድምፃዊ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የለም፣ ድምፃዊው የሴቶቹ ጉባኤ ነውና። «አልበሙ ማን ነው?» ይላል፤ የለም። «ያልታወቀ ድምፃዊ» በሚለው ርእስ ሥር፣ ከጠፋበት የሠርግ ዘፈንና ከአንድ የስልክ ጥሪ ድምፅ ጋር ያጉረዋል። አድማጩም «አቀላቅለህ አጫውት» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን፣ በደል የደረሰባት ሴት አቤቱታ ከሁለት የዳንስ ዘፈኖች መካከል ይወጣል።

ይህን ስንል መሣሪያው ክፉ ነው እያልን አይደለም። መሣሪያው የተወለደው «ዘፈን ማለት አንድ ድምፃዊ፣ አንድ አልበም፣ አንድ ዓመት ነው» ከሚል ልማድ ነው። ልማዱ የሸክላና የዲስክ ገበያ ልማድ ነው። አቴቴ ግን ሥርዓት ነው፤ ቦታ፣ ምክንያትና ባለጉዳይ አለው። በስትሮቤሪ ውስጥ «የት ተቀረጸ? ለምን ተዜመ? ማን ፈቀደ?» ለሚሉት ጥያቄዎች የተዘጋጀ ስፍራ የለም፤ «አስተያየት» የምትል አንዲት ባዶ ሣጥን ብቻ አለች። ኮዱ ክፍት ነውና አዲስ ስፍራ የሚጨምር ፕሮግራም ጸሐፊ ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሊወጣ ይችላል፤ የአርሲ ዩኒቨርሲቲም እዚያው አሰላ ነው። የኩባንያ መተግበሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሐሳብ ራሱ አይታሰብም ነበር።

ወደ ኪራዩ ወገን እንለፍ። ስትሮቤሪ ከሚያገናኛቸው የባሕር ማዶ አገልግሎቶች መካከል ታይዳልና ቆቡዝ ይገኙበታል። ሁለቱም በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ በብር ደመወዝ ለሚኖር የአሰላ መምህር በሩ ገና ከመነሻው ዝግ ነው። በሩ ለተከፈተላቸውም ዘላቂ አልሆነም። ክሌመንታይን ያገናኘው የነበረ «ግሩቭሻርክ» የሚባል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሳታሚዎች ጋር በነበረበት የመብት ክርክር ተዘጋ። ስፖቲፋይ ለውጭ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሰጥቶት የነበረውን መገናኛ በዚያው በ2015 አሮጌ ነው ብሎ፣ በ2022 ጨርሶ ቆለፈው፤ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ማጫወቻዎችም በአንድ ቀን ዲዳ ሆኑ። «ቶማሆክ» የተባለ፣ ዘፈኑን በስሙ ብቻ ጠይቆ ከየትም ካለበት ምንጭ ፈልጎ የሚያመጣ ማጫወቻ ደግሞ ነበር፤ ሁለቱን ክምችቶች ከልብ ያዋሐደው እርሱ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምንጮቹ በሮቻቸውን እየዘጉ ሲሄዱ ሥራው ቆመ። ስትሮቤሪ ከዚህ የተማረ ይመስላል፤ ሁለቱን ክምችቶች አላዋሐዳቸውም፣ በሁለት የተለያዩ መደርደሪያዎች ላይ አስቀምጦ የሚያገናኛቸው በመጫወቻው ተራ ላይ ብቻ ነው። ለውበት ጉድለት ነው፤ ለጥንቃቄ ግን ትክክል ነው፣ ኪራዩ ሲቋረጥ ጎተራው ይዞት አይወድቅም።

የአገራችንም ጥረት መነሣት አለበት። ኤልያስ መልካና የሙያ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያስጀምሩ ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ የካሴትና የሲዲ ገበያ በቅጂ ከፈረሰ በኋላ ሙዚቀኛው ከሥራው የሚገባውን ዋጋ እንዲያገኝ ነው። ኤልያስ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በሞት ተለየን። «ሰዋስው» ከአውታር ቀጥሎ መጣ። የእነዚህ ጥረቶች ፍትሐዊነት አያጠያይቅም። በአሰላ ሱቅ ሚሞሪ ላይ በጥቂት ብር የሚጫነው ሁለት መቶ ዘፈን ለአንድም ድምፃዊ፣ ለአንድም ገጣሚ ሳንቲም አይደርሰውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕትመት የበቃን ሥራ አንድ ግለሰብ ለራሱ የግል አገልግሎት በአንድ ቅጂ ቢያባዛ አይከለክለውም፤ ገንዘብ እየተቀበለ ለመንገደኛ ሁሉ የሚጭነው ሱቅ ግን በዚህ ጥላ ሥር አይገባም። ስለ ጎተራ የሚያወድስ ሰው ሁሉ ስንዴው ከማን ማሳ እንደ መጣ አብሮ መናገር አለበት።

ሆኖም ኪራዩ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን አይተናል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግስቱ የኢንተርኔት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ቆየ። በዚያን ሰሞን ስለ ጠፋው ሕይወትና ስለ ደረሰው ውድመት መተረክ ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው። በያዝነው ጉዳይ በኩል ግን አንድ እውነት ጎልቶ ይታያል፤ ሕዝብ የአንድን ሟች ድምፅ መስማት በፈለገበት በዚያ ሰዓት፣ ድምፁን በመስመር ብቻ ያውቀው የነበረ ሰው ዝምታ ነበር ያገኘው። ዘፈኑ የነበረው በሚሞሪው ለያዘው ሰው ነው። በካሴት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም ነበር፤ ባትሪ እስካለ ድረስ ቴፑ ይናገራል።

አርሲ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ «ማን ይጠቀምበታል?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያበቃ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አምጥቷል፤ በኩሉምሳ የተጀመረው ምርምርም እስከ ዛሬ ፍሬ ይሰጣል። በዚያው ወራት ግን እርሻው በትራክተር አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ ነቀሉ። ትራክተሩ ራሱ ማንንም አላፈናቀለም፤ ያፈናቀለው የትራክተሩና የመሬቱ ባለቤትነት በአንድ እጅ መሆኑ ነው። በሙዚቃም ጥያቄው ስትሪሚንግ ይምጣ ወይስ ይቅር አይደለም፤ መጥቷል። ቁልፉ በማን እጅ ነው ነው።

በዚህ ረገድ ስትሮቤሪ አንድ ሳይጠበቅ የመጣ መልስ ይዟል፣ ይኸውም «ሰብሶኒክ» የሚባለው መገናኛ ነው። ሰብሶኒክ ራሱ ኮዱ ክፍት የነበረ የሙዚቃ ሰርቨር ሲሆን፣ ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮዱን ዘጋው። የመገናኛው ደንብ ግን አስቀድሞ ታውቆ ስለ ነበር ሌሎች ተቀብለው ቀጠሉበት። «ናቪድሮም» የተባለው፣ ከ2020 ወዲህ የተስፋፋ ክፍት ሰርቨር በዚህ ደንብ ይሠራል። አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ፣ የእጅ መዳፍ በምታህለው «ራስበሪ ፓይ» ላይ እንኳ፣ የዘፈን ፋይሎቹ ይቀመጣሉ፤ ያ ኮምፒዩተር ከአንድ ዋይፋይ ማሠራጫ ጋር ይያያዛል፤ በግቢው ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ በስትሮቤሪ፣ ስልክም በሌላ መተግበሪያ፣ እነዚያን ዘፈኖች ይሰማል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ወርኃዊ ክፍያም የለውም። በሌላ አነጋገር፣ ስትሪሚንግ ነው፣ ጎተራው ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ይህ ለግል ቤት ትርፍ ነገር ሊሆን ይችላል። ለትምህርት ቤት፣ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ለባህል ጽሕፈት ቤት ግን ትርፍ አይደለም። የአንድ ወረዳ የባህል ባለሙያ በሠርግ፣ በእርቅና በበዓል የተቀረጹ ዜማዎችን በፍላሽ ይዞ ይዞራል፤ ባለሙያው ሲዛወር ፍላሹም አብሮ ይሄዳል፣ ወይም በመሳቢያ ውስጥ ይረሳል። እነዚያ ዜማዎች በአንድ ሰርቨር ላይ ቢያርፉ፣ ቦታቸውና ቀናቸው በዚያች «አስተያየት» በምትባል ሣጥን ውስጥ ቢጻፍ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ርእስ ቢሰጣቸው፣ የሙዚቃ መምህሩ በክፍል ውስጥ ከፍቶ ያስተምርባቸው ነበር። የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ ስብሰባ አበል አያህልም። መብራት መጥፋቱ አለ፤ ለዚህ ትንሽ ኮምፒዩተር ግን አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ይበቃል። የፋይል መበላሸት አለ፤ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቤት ማኖር ግድ ነው፣ ገበሬው የዘሩን እህል ከሚበላው ለይቶ እንደሚያስቀምጠው ሁሉ። በሽያጭ ላይ ያሉ የድምፃዊያን አልበሞች ወደዚህ ሰርቨር ያለ ፈቃድ መግባት የለባቸውም፤ ከገቡ ከሚሞሪ ሱቁ የምንለይበት ነገር አይኖረንም።

አቴቴውስ? በናቪድሮም ክምችቶችን ለያይቶ ማኖርና የትኛው ለማን እንደሚከፈት መወሰን ይቻላል። የሠርጉና የአዝመራው ዜማ ለሁሉም ተማሪ ይከፈት። ሴቶቹ በበዳዩ ደጅ ያዜሙት ግን ስም ይጠራበታል፤ የተበደለችው በሕይወት አለች፣ በዳዩም ልጆች አሉት፣ ልጆቹ እዚያው ትምህርት ቤት ይማሩ ይሆናል። ይህን ክፍል ማን ይከፍተዋል፣ ለማንስ ይከፈታል የሚለውን የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ሆነ ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን ሊወስነው አይገባም። ባለ ሲንቄዎቹ እዚያው መንደር ናቸው፤ ቀረጻው ወደ ሰርቨሩ ከመግባቱ በፊት ተጠርተው ይስሙት፣ የሚቀርና የሚወጣውንም እነርሱ ይበሉ።